«ግራፍ በእጅ መሳል ይቅር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ አይቅር

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ርዕሱ «ግራፍ በእጅ መሳል ይቅር» ይላል። ጸሐፊው የሶፍትዌር ባለሙያ ናቸው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዴሪቬቲቭ (የመስመሩን የዳገት መጠን) እየሠራ፣ የፕላስና የማይነስ ሰንጠረዥ እየሞላ የፈንክሽን ግራፍ በእርሳስ መሳሉ ጊዜ ማባከን ነው። ለዚህም አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ስልክ በሰከንድ ይስለዋል። ሥራው ሽምደዳ ነው። ማትሪክ ላይ «ሳሉ» የሚል ጥያቄ አይመጣም። በኑሮ ውስጥ አያገለግልም። ጊዜው ለኮዲንግ ቢውል ይሻላል።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ተማሪ ሆነው የደረሰባቸውን መሰላቸት ሲተርኩ አምኛቸዋለሁ። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ያንን መሰላቸት በየዓመቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አየዋለሁ። በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ ተማሪዎቼ ጽሑፉን እያሳዩኝ «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን እንማረዋለን?» ማለት ጀምረዋል። መልስ ይገባቸዋል።

«ስልክ በሰከንድ ይስለዋል፤ ደግሞም አይሳሳትም»

መሳሉን ይስላል። ግራፍ የሚስሉት አፖች፣ ዴስሞስም ጂኦጀብራም፣ ስልኬ ላይ አሉ፤ እጠቀምባቸዋለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ጂኦጀብራ እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስትሪያ ውስጥ፣ ዛልስቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ነው የተጀመረው። ግራፍ የሚስለው የካሲዮ ካልኩሌተር ደግሞ ገበያ ላይ የወጣው በ1985 ነው። ማሽኑ ከመጣ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካልኩለስ (ዴሪቬቲቭ የሚሠራበትን የሒሳብ ክፍል) የሚያስተምሩ ብዙ አገሮች ግራፍ መሳልን ከትምህርታቸው አላወጡትም። ለምን ይሆን?

መልሱ «አይሳሳትም» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ስልኩ መስመሩን ሲስል የሚያደርገው ቀላል ነገር ነው። ከመስኮቱ ግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ብዙ ነጥቦች ይወስዳል፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ያሰላል፣ ከዚያ ነጥቦቹን ያገናኛል። ከመስኮቱ ውጭ ስላለው ነገር አንድም ቃል አይናገርም። እኛ ግን ስዕሉን ስናይ ሙሉውን ያየን ይመስለናል።

እስቲ ይህን ሞክሩት። ሁለት ፈንክሽን ውሰዱ። አንዱ የኤክስ ናቹራል ሎጋሪዝም ነው (ስልኩ ላይ ln የሚለው)። ሁለተኛው 5ኤክስ ሲካፈል ለ(ኤክስ + 10)። ሁለቱንም ከ10 እስከ 100 ባለው መስኮት ስልካችሁ ላይ ሳሏቸው። ኤክስ 10 ሲሆን የመጀመሪያው 2.3 ገደማ፣ ሁለተኛው 2.5 ነው። ኤክስ 100 ሲሆን የመጀመሪያው 4.61፣ ሁለተኛው 4.55 ነው። ሁለቱም ቶሎ ተነስተው እየረገቡ የሚሄዱ መስመሮች ናቸው። ወንድማማች ይመስላሉ። ለተማሪዎቼ ይህን ስዕል አሳይቼ «ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል?» ስላቸው፣ ሁሉም «5 አካባቢ ይቆማሉ» ይላሉ። ዓይን የሚለው ይህንኑ ነው።

አሁን እርሳስ እናንሳ። የመጀመሪያው ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ 1 ሲካፈል ለኤክስ ነው። ኤክስ ፖዘቲቭ እስከሆነ ድረስ ይህም ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ሁሌ ዳገት ነው። የሁለተኛው ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ 50 ሲካፈል ለ(ኤክስ + 10)² ነው። እሱም ሁሌ ፖዘቲቭ ነው፣ እሱም ሁሌ ዳገት ነው። እስካሁን አልተለያዩም። የሚለያቸው ሊሚቱ ነው፤ ማለትም ኤክስ እጅግ ሲተልቅ ፈንክሽኑ የሚጠጋው ዋጋ። የሁለተኛውን ላይና ታች ለኤክስ ብናካፍለው 5 ሲካፈል ለ(1 + 10/ኤክስ) ይሆናል። ኤክስ እጅግ ሲተልቅ 10/ኤክስ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ የቀረው ወደ 5። ጣሪያ አለው ማለት ነው። እድሜ ልኩን ቢወጣ 5ን አይነካም። ሎጋሪዝሙ ግን ጣሪያ የለውም። 20 ላይ እንዲደርስ ትፈልጋላችሁ? ይደርሳል፤ ኤክስ 485 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን። 100ም ቢሆን ይደርሳል። ኤክስ አንድ ሚሊዮን ላይ አንዱ 4.99995 ነው፣ ሌላው 13.8።

መስኮቱን አስፍቶ ማየት ይቻላል ትሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ግን እስከ የት? እስከ ሺህ? እስከ ሚሊዮን? የትም ብታቆሙ «ከዚህ በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። መስመሩ መጨረሻ የለውም፤ ስክሪኑ ግን አለው። ሊሚት ያንን የቀረውን ማለቂያ የሌለው ክፍል በሁለት መስመር ሥራ ይዘጋዋል።

ትንሹም ነገር እንዲሁ ያመልጣል። ኤክስ³ − 0.0003ኤክስ የሚለውን ከ−10 እስከ 10 ባለው መስኮት ብትስሉት ከተራው ኤክስ³ በዓይን አይለይም። ዴሪቬቲቩ 3ኤክስ² − 0.0003 ነው። ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 0.01 እና −0.01 ሲሆን ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። አንድ ጉብታና አንድ ጎድጓዳ አለው። አንዳንድ አፕ እንዲህ ያለውን ቦታ በነጥብ ምልክት ያደርግበታል። ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነና መስኮቱን የት አጥብቦ ማየት እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ግን ዴሪቬቲቩን የሠራ ሰው ነው። (ኤክስ² − 1) ሲካፈል ለ(ኤክስ − 1)ንም ሞክሩ። ስልኩ ንጹህ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣችኋል። ኤክስ 1 ላይ ግን መስመሩ ቀዳዳ አለው፤ ዜሮ ለዜሮ አይካፈልም።

እንግዲህ «ስልክ አይሳሳትም» ከማለት «ስልክ የተጠየቀውን መስኮት ያሳያል» ማለት ይቀርበኛል። የትኛውን መስኮት እንጠይቀው የሚለውን ካልኩለሱ ነው የሚነግረን።

«ሽምደዳ ነው፤ ማሰብ የለበትም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ልክደው አልችልም። ብዙ ክፍል ውስጥ ግራፍ መሳል እንዲህ ነው የሚሰጠው፦ አንደኛ ዶሜን፣ ሁለተኛ ኢንተርሴፕት፣ ሦስተኛ አሲምፕቶት፣ አራተኛ የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ፣ አምስተኛ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ (የዴሪቬቲቩ ዴሪቬቲቭ)፣ ከዚያ ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ስዕል። ተማሪው ሰንጠረዡን እንደ ፎርም ይሞላል። አስተማሪው ሰንጠረዡን ያርማል። ስዕሉ መጨረሻ ላይ በሩጫ ይሳላል፣ ማንም አያየውም። እንዲህ ከሆነ እኔም ይቅር እል ነበር።

ግን ይህ የአሰጣጡ ችግር ነው። ነገሩን ቀርበን ስናየው ሽምደዳ የሚወድቅበት ቦታ እንደ ግራፍ መሳል የሞላበት ርዕስ የለም።

አንድ ቀን ለአንዲት ተማሪ ኤክስ⁴ን እንድትስል ሰጠኋት። ጎበዝ ናት፣ ሕጎቹን በቃሏ ታውቃለች። ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ሠራች፤ 12ኤክስ²። ዜሮ የሚሆነው ኤክስ ዜሮ ሲሆን ነው። ወዲያው «ኢንፍሌክሽን ፖይንት ዜሮ ላይ» ብላ ጻፈች። ምንም አላልኳትም። «እሺ፣ ሳዪው» አልኳት። እርሳሷን ይዛ ከግራ መሳል ጀመረች። እየወረደች መጣች፣ ዜሮ ጋ ደረሰች፣ ቆመች። ኢንፍሌክሽን ካለ እጥፋቱ መቀየር አለበት። እስከ ዜሮ ድረስ መስመሩ ወደ ላይ እንደተከፈተ ሳህን ነበር፤ ከዜሮ በኋላ እንደተደፋ ሳህን መሆን ነበረበት። ግን ኤክስ⁴ ከዜሮ ቀኝ እንደገና ወደ ላይ እንደሚወጣ ታውቃለች። እርሳሷ መሄጃ አጣች። ትንሽ ዝም አለችና «ቲቸር፣ ግራና ቀኙ እኮ አንድ ነው» አለች። 12ኤክስ² በሁለቱም በኩል ፖዘቲቭ ነው። ዜሮ ሆኗል፤ ምልክቱን ግን አልቀየረም። ስለዚህ ኢንፍሌክሽን የለም።

ሕጉን ያስተካከለላት እኔ አይደለሁም። እጇ ነው። ስልኩ ስዕሉን ቀድሞ ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ያቺ የቆመችበት ሰከንድ አትኖርም ነበር። ስዕሉን አይታ፣ የጻፈችውን ረስታ ታልፋለች።

የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭም እንዲሁ ነው። ኤክስ³ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፤ ግን ጫፍም ጎድጓዳም የለም፣ መስመሩ ትንሽ አርፎ መውጣቱን ይቀጥላል። የኤክስ ፍጹም ዋጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዜሮ ላይ ዝቅተኛው ነጥብ አለ፣ ዴሪቬቲቭ ግን ጭራሽ የለም፤ ሹል ነው። «ዴሪቬቲቩን ዜሮ አድርግ፣ ጨርሰሃል» የሚለው ሽምደዳ በአንዱ የሌለ ጫፍ ይሰጣል፣ በሌላው ያለውን ይደብቃል። ተማሪው ማሰብ ካቆመ ስዕሉ እምቢ ይለዋል።

ጸሐፊው ግራፍ መሳልን ካልኩለስ ላይ የተለጠፈ ተጨማሪ ነገር አድርገው ማቅረባቸውም ትክክል አይደለም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1684 ካልኩለስን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሲያወጣ ርዕሱ ራሱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥቦችን፣ እንዲሁም ታንጀንትን ስለማግኘት አዲስ ዘዴ የሚል ነው። ከሱ በፊት በ1630ዎቹ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ ሲታገል የነበረው ከዚሁ ከጫፍና ከጎድጓዳ ጋር ነው። ኒውተን በ1704 ባሳተመው ሥራ የሦስተኛ ዲግሪ ኩርባዎችን ቅርጽ እየለየ 72 ዓይነት ቆጥሯል። ከሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ያመለጡትን 6 ጨምረው 78 አደረሷቸው። ኒውተን እንኳ 6 ቅርጽ ያመለጠው ሥራ እንዴት ሽምደዳ ይባላል? ይሄ ትምህርት የተወለደው ኩርባን ለማንበብ ነው።

«ማትሪክ ላይ አይመጣም»

ፈተናው ምርጫ ስለሆነ «ሳሉ» አይልም፤ እውነት ነው። ግን «በየትኛው ክልል ይጨምራል?»፣ «ትልቁ ዋጋው ስንት ነው?» ይላል። ቅርጹን በጭንቅላቱ ወይም በወረቀቱ ጥግ በሦስት መስመር የሚያወጣ ልጅ ከአራቱ ምርጫ ሁለቱን ወዲያው ይጥላል። ስልክ ደግሞ ፈተና ክፍል አይገባም። ስማርት ስልክ በእጁ የሌለው ተማሪም ብዙ ነው፤ ጸሐፊው «ዛሬ ስልክ የሌለው ማን አለ?» ሲሉ ከከተማ ወጣ ያለውን ልጅ የረሱት ይመስለኛል። እሱ ያለው ጠመኔና ሰሌዳ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ፈተና ማውራት አልፈልግም፤ ለፈተና ብቻ ብለን የምናስተምረው ነገር ካለ እሱም ሌላ ጣጣ ነው።

«በኑሮ ውስጥ አያገለግልም»

እዚህ ጋ ረጋ ብዬ መመለስ እፈልጋለሁ።

«የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲነበብ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «የት ቀነሰ? ጤፉ ያው ነው፤ እንደውም ጨምሯል!» ሰው የተዋሸ ይመስለዋል። አንዳንዴ ሁለቱም ልክ ናቸው። 100 ብር የነበረ ዕቃ እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት ግሽበቱ 30 በመቶ ከሆነ 130 ብር ይገባል። በሁለተኛው 20 በመቶ ከሆነ 156 ይሆናል። በሦስተኛው 10 በመቶ ከሆነ 171 ብር ከ60። ግሽበቱ ከ30 ወደ 10 ወርዷል፤ ዕቃው ግን 71 ብር ከ60 ጨምሯል። ይህንን በወረቀት ሳሉት። መስመሩ አንድም ቦታ ቁልቁል አይሄድም። ዳገቱ ብቻ ነው የረገበው። መጀመሪያ 30 ብር ወጣ፣ ቀጥሎ 26፣ ቀጥሎ 15.60። ፈንክሽኑ ይጨምራል፣ የመጨመሩ ፍጥነት ይቀንሳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰንጠረዡ ላይ «የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ ፕላስ፣ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ማይነስ» ብሎ የሚሞላው ይህንኑ ነው። ይህን በእጁ የሳለ ልጅ ዜናውን ሲሰማ አይደናገርም። «ዋጋው ይወርዳል ማለታቸው አይደለም» ብሎ ለእናቱ ያስረዳታል።

ኮሮናንም አስታውሱ። የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁለት ቁጥር እንሰማ ነበር፦ ዛሬ የተያዙና እስካሁን በድምሩ የተያዙ። ድምሩ ፈንክሽኑ ነው፤ የዕለቱ ቁጥር ዴሪቬቲቩ ነው። የዕለቱ ቁጥር ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ድምሩ መጨመሩን ይቀጥላል፤ እጥፋቱ ግን ይቀየራል። ያቺ ቀን ናት ኢንፍሌክሽን ፖይንቷ። ብዙ ሰው በድምሩ ብቻ ይደነግጥ ነበር፤ ድምር ደግሞ በባሕርይው አይቀንስም።

አንድ የእጅ ሥራም ልጨምር። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቆረጥ፣ ሲታጠፍ፣ ሲቀጠቀጥ ያየ ሰው ይገባዋል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ አለ እንበል። ከአራቱ ማዕዘን እኩል አራት ማዕዘን ቆርጠን ጎኖቹን ወደ ላይ ብናጥፍ ክዳን የሌለው ሳጥን ይወጣል። ስንት ሴንቲ እንቁረጥ ብዙ እንዲይዝ? ቁራጩን ኤክስ ካልነው ይዘቱ ኤክስ(60 − 2ኤክስ)² ነው። ዴሪቬቲቩ ሲስተካከል (60 − 2ኤክስ)(60 − 6ኤክስ) ይሆናል። ዜሮ የሚሆነው 30 እና 10 ላይ ነው። 30 ብንቆርጥ ቆርቆሮው ያልቃል፤ ሳጥን የለም። 10 ብንቆርጥ 16,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም ልክ 16 ሊትር ይይዛል።

እዚህ ድረስ መልሱን ስልክም ይሰጣል። ግራፉን የሳለ ሰው ግን አንድ ነገር ይጨምራል። ጫፉ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው። ስለዚህ ትንሽ መሳሳት ብዙ አያስከፍልም። 9 ቢቆረጥ 15,876 ነው። 11 ቢቆረጥ 15,884። አንድ ሙሉ ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ የጠፋው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። 20 ቢቆረጥ ግን 8,000 ነው፤ ግማሹ ሄደ። ለባለሙያው ከ«10» ይልቅ የሚጠቅመው ይሄኛው ዕውቀት ነው፦ እዚህ አካባቢ እጅህ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፣ እዚያ ማዶ ግን ተጠንቀቅ። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይናገርም፤ ቅርጹ ነው የሚናገረው።

«ጊዜው ለኮዲንግ ይዋል»

ኮዲንግ ይማሩ፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ጸሐፊው በሙያቸው እንደሚያውቁት፣ ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሲሠለጥን የሚሠራው ሥራ ስህተቱን እንደ ፈንክሽን ወስዶ በዴሪቬቲቩ እየተመራ ቁልቁለቱን መውረድ ነው። የሚያሠለጥነው ሰው ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ያያል። አንዱ ሞዴሉ በተማረበት ዳታ ላይ ያለው ስህተት፣ ሌላው ባላየው ዳታ ላይ ያለው ስህተት። የመጀመሪያው እየወረደ ሳለ ሁለተኛው መውረዱን ትቶ መውጣት ከጀመረ፣ ሞዴሉ መማር ትቶ መሸምደድ ጀምሯል ማለት ነው። ያንን መታጠፊያ አይቶ «እዚህ ጋ እናቁም» የሚለው ሰው ነው። ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ የረገበውንና የቆመውን ለመለየት ዓይኑ የሠለጠነው የት ይመስላችኋል?

ስለዚህ ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ሌላ ነው። እንደ ፎርም የሚሞላውን ሰንጠረዥ አብረን እንተወው። ለተማሪው ፈንክሽኑን ሳይሆን የዴሪቬቲቩን ግራፍ ብቻ እንስጠውና ዋናውን ይገምት። ወይም «ሁለት ጫፍ ያለው፣ ቀኝና ግራው ወደ ዜሮ የሚጠጋ ፈንክሽን ፍጠር» እንበለው። ሃያ ግራፍ በሩጫ ከሚስል ሦስት ይሳል፤ ለእያንዳንዱ መታጠፊያ «ለምን?» ይመልስ። ስልኩ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ለማመሳከሪያ። ካልገጠመ ደግሞ ማን እንደተሳሳተ ይፈለግ፤ እጁ ነው ወይስ መስኮቱ?

ጸሐፊውም አንድ እንዲሞክሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኤክስ ሲካፈል ለ(ኤክስ² + 1)። ስልኩን ትንሽ ያስቀምጡት። ኤክስ 1 ላይ ግማሽ ድረስ ይወጣል፣ −1 ላይ እስከ ማይነስ ግማሽ ይወርዳል፣ በግራም በቀኝም ርቆ ሲሄድ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከጫፉ በስተቀኝ ያለው ቁልቁለት ግን አንድ ቦታ ላይ ከተደፋ ሳህን ወደተከፈተ ሳህን ይቀየራል። ያቺን ቦታ መጀመሪያ በዓይን ገምተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉባት። ከዚያ ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ይሥሩና ግምትዎ ከ1.73 ምን ያህል እንደራቀ ይዩት።